የሦስት ቀን ዝናብ ሽንኩርት ያስወድዳል ወይ?

ደብረ ማርቆስ ከተማ ትንሽ ምግብ ቤት ያላቸው አንባቢ የጠየቁት ባጭሩ ይህ ነው። «ባለፈው ሰኔ መጨረሻ ሦስት ቀን ሙሉ ዝናብ ጣለ። በሳምንቱ ሽንኩርትና ቲማቲም እጥፍ ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም። ሽንኩርት ለመድረስ ወራት ይፈልጋል፤ የሦስት ቀን ዝናብ ምን አድርጎት ነው? ነጋዴዎቹ ዝናቡን ሰበብ ያደረጉት ይመስለኛል። በዚያው ሰሞን ወደ ጮቄ በኩል በረዶ ድንች አወደመ ተባለ፤ የድንች ዋጋ ግን ንቅንቅ አላለም። ለመሆኑ በሚመጣው ግንቦት የክረምቱን ሽንኩርት አንዴ ገዝቼ ባስቀምጥ ያዋጣኛል?»

ነጋዴው ንጹሕ ነው አልልም። ግን ዝናቡም ሰበብ ብቻ አይደለም። ስህተቱ ሂሳቡ ላይ ነው። እርስዎ የቆጠሩት ሽንኩርት ለማደግ የሚፈጀውን ጊዜ ነው። ገበያው ግን በዚያ ሰሞን የቆጠረው ከማሳ እስከ ማርቆስ ያለውን መንገድ ነው። መጥፎ አየር ዋጋን በሁለት በኩል ይነካል። አንደኛው ፈጣን ነው። ለቀማ ይቆማል፣ መኪና ጭቃ ውስጥ አይገባም፣ የተጫነው ይበሰብሳል። ይህ በቀናት ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ በሳምንት ሁለት ሳምንት ይሄዳል። ሁለተኛው ዝግ ያለ ነው። ችግኝ ይሞታል፣ አበባ ይረግፋል፣ በሽታ ይገባል። ይህ ዛሬ አይታይም። ከወራት በኋላ ነው የሚመጣው፤ ሲመጣ ደግሞ ቶሎ አይለቅም። እርስዎን የገጠመዎት የመጀመሪያው ነው። መዘጋጀት ያለብዎት ለሁለተኛው ነው።

እስቲ ሰኔ መጨረሻ ላይ ማርቆስ ገበያ ያለው ሽንኩርት ከየት እንደሚመጣ እንይ። የጎጃም ሽንኩርት ባብዛኛው የመስኖ ነው። ቆጋ ላይ፣ መራዊ ዙሪያ፣ በየወንዙ ዳር ገበሬው በበጋው መጀመሪያ ችግኙን ያዛውርና ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይነቅላል። ክረምቱ ጠንከር ሲል የእኛ ሽንኩርት አልቋል ማለት ይቻላል። የሚቀረው በየቤቱ ተርፎ የተቀመጠ ነው። ከዚያ ወዲያ ዓይናችን ወደ ሸዋ ነው፤ ወደ መቂና ወደ ዝዋይ። ያ ጭነት ከጎሐ ጽዮን ወርዶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ ደጀን ይወጣል። ወደ 40 ኪሎ ሜትር የሚሆን ጠመዝማዛ መንገድ ነው። በበጋ እንኳ ሹፌር የሚጠነቀቅለት መንገድ ነው። ክረምት ላይ መሬቱ ይንሸራተታል፣ ጉም ይወርዳል፣ አንድ መኪና ከተበላሸ ኋላው ሁሉ ይቆማል። ስለዚህ ሰኔ መጨረሻ ላይ ዝናቡ ባይጠነክርም ሽንኩርት መጨመሩ አይቀርም ነበር። ሦስቱ ቀናት ጭማሪውን አንድ ላይ አመጡት እንጂ ከባዶ አልፈጠሩትም።

ደግሞ ጊዜውን ያስተውሉ። ሰኔ መጨረሻ የሐዋርያት ጾም ነው፤ ሐምሌ 5 እስኪፈታ ድረስ አትክልት ፈላጊው ብዙ ነው። ነሐሴ ሲገባ ፍልሰታ ይመጣል። ፍልሰታ ተፈታ ሲባል እንቁጣጣሽ ደረሰ፤ የዶሮ ወጥ ደግሞ ሽንኩርት እንዴት እንደሚበላ ለእርስዎ አልነግርም። አቅርቦት የሚያንሰው ፍላጎት በሚበዛበት ወቅት ላይ ነው። ይህንን ዝናብም ነጋዴም አላመጣውም።

ቲማቲሙን ለብቻው እንየው፤ ጉዳቱ ቁልጭ ብሎ የሚታየው እሱ ላይ ነው። ደርቆ የከረመ መሬት ላይ ድንገት ከባድ ዝናብ ሲወርድ ሥሩ ውሃውን ባንዴ ይጠጣል። የበሰለው ፍሬ ውስጡ ይሞላል፤ ቆዳው ግን ያን ያህል አይለጠጥም። በማግስቱ ማሳው ውስጥ ሲገቡ ከግንዱ ጋር በተያያዘበት በኩል የተሰነጠቀ ፍሬ ያያሉ፤ አንዳንዱ ዙሪያውን፣ አንዳንዱ ቁልቁል። ብዙም ሳይቆይ ስንጥቁ ሻጋታ ይይዛል። ገበሬው የተሰነጠቀውን ለይቶ ይጥላል። ያም ሆኖ ሳጥኑ ውስጥ ሦስት አራቱ ማምለጣቸው አይቀርም። መንገድ ላይ እነሱ ይፈነዱና ጭማቂያቸው ጤነኛውን ያርሰዋል። አይሱዙው ጭቃ ውስጥ አንድ ሌሊት ካደረ ደግሞ የታችኛው ድርድር ውሃ ሆኖ ነው የሚወርደው። በነገራችን ላይ የቲማቲም ቂጥ ጠቁሮ ሲበሰብስ ብዙ ሰው «ዝናብ መታው» ይላል። እሱ የበሽታም የዝናብም ምት አይደለም። ተክሉ አንዴ እየተጠማ አንዴ እየጠገበ ሲያድግ ካልሲየም እስከ ፍሬው ጫፍ ሳይደርስ ሲቀር የሚመጣ ነው። መስኖ ላይም ያጋጥማል።

ይህ ብክነት ዋጋው ውስጥ እንዴት እንደሚገባ በቁጥር ላሳይዎት። አንዲት የጉሊት ሻጭ 50 ኪሎ ቲማቲም ገዛች እንበል። 10 ኪሎው ተበላሸባት። ያወጣችውን ብር የምትመልሰው በቀሪው 40 ኪሎ ነው። ስለዚህ የገዛችበት ዋጋ ሳንቲም ባይጨምር እንኳ፣ ትርፍ ሳትጨምር፣ የምትሸጥበት በሩብ መውጣት አለበት። እርስዎ የሚያዩት የጨመረውን ዋጋ ነው። የጣለችውን 10 ኪሎ አያዩም።

ሌላው ነገር ሽንኩርት የግድ መሆኑ ነው። በየቀኑ 10 ጆንያ ይገባበት የነበረ ገበያ 8 ቢገባለት፣ ሁሉም ሰው አሁንም 10ሩን ነው የሚፈልገው። ዋጋው የሁለት ጆንያ ገዢ «ይቅርብኝ» እስኪል ድረስ ይወጣል። ሽንኩርት ላይ ደግሞ ይቅርብኝ የሚል በቀላሉ አይገኝም። ለዚህ ነው ትንሽ ጉድለት ትልቅ ጭማሪ የምታመጣው። ጥቅል ጎመን ቢሆን ሰው ወደ ሐበሻ ጎመን ይዞራል፤ ዋጋውም ገና ትንሽ ከፍ ሲል ገዢ ይሸሸዋል።

አሁን ብዙ ሰው የማያምነኝን ልናገር። ዝናብ መጀመሪያ ዋጋ የሚጥልበት ጊዜም አለ። ግንቦት መጀመሪያ ላይ ሰማዩ ሲጠቁር ሽንኩርቱ ያልተነቀለለት ገበሬ ይደነግጣል። ዝናብ ከቀደመው ይበሰብስበታል። ስለዚህ ሁሉም በአንድ ሳምንት ይነቅላል፣ ሁሉም ባንዴ ገበያ ያወጣል። ዋጋው ይወድቃል። ሸማቹ ደስ ይለዋል። ግን ያ ሽንኩርት ሰኔና ሐምሌ ላይ መሸጥ የነበረበት ነው። አንገቱ ሳይደርቅ የተነቀለ ስለሆነም አይቆይም። ግንቦት ላይ የተገኘው ርካሽ ሐምሌ ላይ ዕዳው ይመጣል። እርስዎም ግንቦት ላይ ገዝቼ ላስቀምጥ ሲሉ የሚገጥምዎት ይኸው ሽንኩርት ሊሆን ይችላል። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

የበረዶውን ጥያቄ ቶሎ እንጨርሰው። በረዶ ጠባብ መስመር ተከትሎ ነው የሚያልፈው። አንዱን ቀበሌ አራቁቶ ማዶ ያለውን ሳይነካ ይሄዳል። የተመታው ገበሬ ዓመቱን ሙሉ ይጎዳል፤ ገበያው ግን ከጎረቤት ቀበሌ ይሞላል። በዚያ ላይ ሰኔ ላይ ለገበያ የሚደርሰው ድንች ቀደም ብሎ የተተከለው ነው። ፍሬው አፈር ውስጥ ነው፤ በረዶ የሚቆርጠው ቅጠሉን ነው። ቅጠሉ የተቆረጠበት ገበሬ ድንቹ ከደረሰለት ቶሎ ቆፍሮ ይሸጣል። ስለዚህ ለጥቂት ቀናት ገበያ ላይ ድንች ሊበዛም ይችላል። ገና ለጋ የነበረው የክረምት ድንች ከተመታ ግን የሚታየው መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው፤ ያውም በረዶው ብዙ ቀበሌ ካዳረሰ። በረዶ የገበሬ መከራ ነው፤ የገበያ ዋጋ የሚያናጋው አልፎ አልፎ ነው።

ድንች ላይ መፍራት ያለብን ሌላ ነገር ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ዝናቡ ከባድ ሳይሆን ካፊያ እያለ፣ ቅጠሉ ረጥቦ የሚያድርበት ሳምንት አለ። ሰው «ደህና ክረምት ነው፣ ጎርፍም የለ» ይላል። ገበሬው ዋግ የሚለው በሽታ የሚወደው ግን ይህንኑ ነው። ቅጠሉ ዳር ላይ ውሃ ያራሰው የመሰለ ጠቆር ያለ ነቁጥ ይወጣል። ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ ገልብጠው ካዩት ከነቁጡ ዙሪያ ስስ ነጭ ሻጋታ አለ። ያንን ካዩ ጊዜ የለም። አየሩ ካልተለወጠና ካልተረጨ አንድ ማሳ በሳምንት በሁለት ሳምንት ጠቁሮ ያልቃል። አየርላንድን እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ በረሃብ የፈጀው ይኸው በሽታ ነው። እንደ ጉደኔና በለጠ ያሉት ዝርያዎች ሲለቀቁ ከተመረጡበት ምክንያት አንዱ ይህን በሽታ መቋቋማቸው ነበር። ግን በሽታውም ይለዋወጣል፤ ዝርያ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። እንግዲህ ነሐሴ ላይ ስናን ወይም ደጋ ዳሞት ያለ ዘመድዎ «ድንቹን ዋግ ጨረሰው» ካለዎት፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ድንች እንደማይረክስ ያኔውኑ ይወቁት። ዜናውን ከገበያው ሁለት ወር ቀድመው ያዙ ማለት ነው።

ለዝግተኛው ጉዳት አንድ መመሪያ ይያዙ። ዋጋው ከፍ ብሎ የሚቆየው ያ ሰብል ተመልሶ ለመምጣት የሚፈጀውን ያህል ነው። ሰላጣና ቆስጣ ቢጠፉ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ነው። ጥቅል ጎመን ሦስት ወር አካባቢ። ድንች ከሦስት እስከ አራት። ሽንኩርት ችግኙ መደብ ላይ አንድ ወር ተኩል ያህል ይቆያል፣ ማሳ ላይ ሦስት ወር ተኩል ገደማ፤ ስለዚህ አምስት ወር ይያዙለት። መስከረምና ጥቅምት ላይ ዘግይቶ የሚወርድ ከባድ ዝናብ የሽንኩርት መደቡን ካረሰው ችግኙ ከግንዱ ሥር እየቀጠነ ይወድቃል። ገበሬው እንደገና ይዘራል። እርስዎ ይህን የሚያውቁት መጋቢት ላይ «ዘንድሮ ሽንኩርቱ ምነው ዘገየ?» ሲባል ነው። ማንጎና አቮካዶ ደግሞ ዓመታቸውን ጠብቀው ነው የሚያፈሩት። ፍኖተ ሰላም ዙሪያ ማንጎው አበባ ይዞ ሳለ ያለ ወቅቱ ዝናብ ቢመታው፣ ያ አበባ በሚቀጥለው ዓመት እንጂ ዘንድሮ አይመለስም። ሙዝ ግን ሌላ ነው። ማርቆስ የሚበላው ሙዝ በብዛት ከአርባ ምንጭ ስለሚመጣ፣ ሲወደድ እዚህ ሰማይ ቀና ብሎ ማየት ምንም አይነግርዎትም።

ከሁሉም በላይ እርስዎን የሚመለከተው በርበሬ ነው። አልጠየቁኝም፤ ግን ወጥ ቤትዎን ከሽንኩርት ይልቅ ሊያራቁተው የሚችለው እሱ ነው። ቡሬ፣ ወንበርማና አካባቢያቸው በርበሬው የሚደርሰውና የሚሰጣው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። በዚህ ጊዜ ሰማይ ጥርት ብሎ ፀሐይ መውጣት አለባት። አንዳንድ ዓመት ግን ጥቅምትና ኅዳር ላይ ያልታሰበ ዝናብ ይመጣል። ተሰጥቶ ያለው በርበሬ ይርሳል፣ ይሻግታል፣ ቀይነቱ እየለቀቀ ነጭ ነጭ ይላል። ሽንኩርት ቢጠፋ ከሸዋ ይመጣል። በርበሬ ግን በዓመት አንዴ ነው የሚሰበሰበው፤ የተበላሸው አይተካም፤ ዋጋው እስከ ሚቀጥለው ጥቅምት ድረስ እንደተሰቀለ ይቆያል። ስለዚህ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ያለ ወቅቱ ከዘነበ አይጠብቁ። የዓመት ዛላ በርበሬዎን ታኅሣሥ ሳይወጣ ይግዙ።

ድርቅስ? እዚህ ላይ ሰፊ ስህተት አለ። ሰው መጥፎ አየር ሲባል ድርቅ ብቻ ይመስለዋል። ጎጃም ላይ አትክልትን በቶሎ የሚያጠፋው ብዙ ጊዜ ትርፉ እርጥበት ነው። የዝናብ ማጠር ግን በጓሮ በር ይመጣል። የቆጋ ግድብ ወደ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝና 7,000 ሄክታር ገደማ እንዲያጠጣ የተሠራ ነው። የሚሞላው በክረምት ነው። ክረምቱ ነሐሴ ላይ ቀድሞ ከወጣ ግድቡ ጎድሎ ይገባል፤ በበጋው ለገበሬው የሚደርሰው የውሃ ተራ ይራራቃል፤ የሚተከለው ማሳ ይቀንሳል። የነሐሴ ዝናብ ማነስ መጋቢት ላይ የሽንኩርት ዋጋ ሆኖ ብቅ ይላል። ወንዝ በሞተር ስቦ የሚያጠጣውም ገበሬ ውሃው ሲርቅበት ነዳጁ ይጨምርበታል። ኤልኒኞ (የፓስፊክ ውቅያኖስ ውሃ ከወትሮው በላይ መሞቅ) በሚከሰትባቸው ዓመታት የሰሜንና የመካከለኛው ኢትዮጵያ ክረምት የማነስ ዝንባሌ አለው፤ እ.ኤ.አ. 2015 የማይረሳው ነው። የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ከክረምት በፊት የሚያወጣውን ትንበያ ሲሰሙ «ዝናቡ ብዙ ነው ወይስ ትንሽ» የሚለው ላይ ብቻ አያተኩሩ። መቼ ይገባል፣ መቼ ይወጣል የሚለው ለእርስዎ ሥራ ይበልጣል።

ውርጭ የሚያሰጋው ከኅዳር እስከ ጥር ነው፤ ያውም ደጋው ላይ ያለውን የመስኖ ድንች። ቆላና ወይና ደጋው ስለማይነካ ገበያው አብዛኛውን ጊዜ ይሸከመዋል።

አሁን ነጋዴውን እናንሳ። የዝናብ ወሬ ሲሰማ ደላላው ስልክ ይመታል፤ እጁ ላይ ያለው በድሮ ዋጋ የተገዛ ሽንኩርት በደቂቃ በአዲስ ዋጋ ይሸጣል። ይህ አለ። ፀሐይ ወጥታ መንገዱ ከተከፈተ በኋላም ዋጋው ቶሎ አይመለስም። ሲወጣ በአይሱዙ ነው፣ ሲወርድ በአህያ። ግን ነጋዴ ዋጋ ማቆየት የሚችለው ሌላ ጭነት እስኪገባ ነው። ቲማቲም ደብቆ የሚያቆይ ነጋዴ የለም፤ በሦስተኛው ቀን ይበሰብስበታላ! ስለዚህ በሁለት ሳምንት ውስጥ የማይወርድ ጭማሪ ካዩ ነጋዴውን መጠርጠር ይተዉና ማሳውን ይጠይቁ።

የአየሩን ጭማሪ ከሌላው የሚለዩበት ቀላል መንገድም አለ። ቲማቲም ብቻ ወይም ሽንኩርት ብቻ ከተወደደ ነገሩ የአየር ወይም የበሽታ ነው። ሽሮ፣ ዘይት፣ ምስርና ጨው አብረው ከወጡ ግን ዝናብ ጨው ላይ አይዘንብም። የነዳጅ፣ የመንገድ መዘጋት ወይም የብር ጉዳይ ነው። በቅርብ ዓመታት በጸጥታው ምክንያት መንገድ ሲዘጋ መራዊ ላይ ሽንኩርት እየረከሰ ማርቆስ ላይ የሚወደድበት ሁኔታ ይፈጠራል፤ ይህ የሰማይ ሥራ አይደለም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ዘር፣ ፀረ ተባይና ማዳበሪያ የሚመጡበት ወጪ ከፍ ብሏል። እንዲህ ያለው ጭማሪ ዝናቡ ሲያባራ አይወርድም።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄዎ፦ ግንቦት ላይ ገዝቶ ማስቀመጥ። የክረምቱን በሙሉ ከሆነ አይግዙ። ምክንያቱ ዋጋው ሳይሆን ማርቆስ ናት። ከተማዋ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ነች። ሐምሌና ነሐሴ ብርድና እርጥበት ነው። ሽንኩርት ደረቅ አየር ነው የሚፈልገው። ሙቀቱ ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ሲሆን ከእንቅልፉ ነቅቶ ማብቀል ይጀምራል፤ የማርቆስ ክረምት ደግሞ ልክ እዚያ መሃል ነው። አንድ ኩንታል ገዝተው 30 ኪሎ ቢበላሽብዎት፣ ኪሳራ ላይ ላለመውደቅ ብቻ ዋጋው ከ40 በመቶ በላይ መጨመር አለበት። ያሰሩት ገንዘብና ለመልቀም የሚውለው ጉልበት ሳይታሰብ ነው።

ትንሽ ማስቀመጥ ግን ያዋጣል። ሚያዝያ ውስጥ፣ ዝናብ ሳይነካው የተነቀለውን፣ እስከ ሐምሌ አጋማሽ የሚያስፈልግዎትን ግማሽ ያህል ይግዙ። ግማሽ የምለው ቢበላሽም እንዳይጎዳዎት፣ ዋጋው ቢወርድም እንዳይቆጭዎት ነው። ሲገዙ አንገቱን በሁለት ጣት ቆንጠጥ ያድርጉት። ውስጡ የሚንሸራተትና ለስለስ የሚል ከሆነ አልደረቀም፤ ይተዉት። አንገቱ ጥብቅ ብሎ ቀጭን፣ ልጣጩ ሲነኩት የሚንኮሻኮሽ መሆን አለበት። ገበሬው ከነቀለ በኋላ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ከአሥር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት አድርቆት እንደሆነ ይጠይቁ። ጆንያ ውስጥ እንደታሰረ አይተዉት፤ አይተነፍስም። ወለል ላይም አይከምሩት። ከመሬት ከፍ ያለ የእንጨት ርብራብ ላይ ሳሳ አድርገው ይዘርጉት፤ በየሳምንቱ የለሰለሰውንና ያበቀለውን እየለቀሙ መጀመሪያ እሱን ይጠቀሙ። ከድንች ጋር አንድ ክፍል አያስቀምጧቸው፤ የድንቹ እርጥበት ሽንኩርቱን ያበላሻል። ግንቦት መጨረሻ ዝናብ መትቶት በርካሽ የሚሸጠውን ሽንኩርት ደግሞ ለሳምንቱ ፍጆታ ይግዙት፣ ለማስቀመጥ ግን እንዳይሞክሩት።

ቲማቲም አይከማችም። ክረምት ላይ ሳልሳ ይጨምሩ፣ የቲማቲም ሰላጣውን ከዝርዝርዎ ያውጡት። የክረምት ቲማቲም ሲገዙ ሌላም ጥንቃቄ አለ። ገበሬው በዝናብ ወቅት ዋግን ለመከላከል እንደ ማንኮዜብና ሪዶሚል ያሉትን የበሽታ መከላከያ መድኃኒቶች ደጋግሞ ይረጫል። ከርጭት በኋላ መጠበቅ ያለበትን ቀን ሳይጠብቅ የሚለቅም አይጠፋም። በብዙ ውሃ ይጠቡት፤ መታጠቡ ሁሉንም እንደማያወጣም ይወቁ። በርበሬውን ሲገዙ ደግሞ ዛላውን ያዝ አድርገው ያንቀጥቅጡት፤ ፍሬው ውስጡ መንቋቋት አለበት። ከፍተው የሻገተ ካዩ በርካሽ ቢሰጥዎትም አይውሰዱ። ሻጋታው ጉበትን የሚጎዳ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊኖረው ይችላል፤ ማመስም መፍጨትም አያጠፋውም። ክረምት ላይ ብዙ ድንች የሚገዙ ከሆነም ጨለማ ቦታ ያኑሩት፤ አረንጓዴ የሆነውን ይጣሉ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም በየዓመቱ የሚደገም ነው። ክረምት ላይ ሽንኩርት ሲወደድ ያየ ገበሬ ሁሉ ኅዳር ላይ ሽንኩርት ይተክላል። ጎረቤቱም እንዲሁ። መጋቢት ላይ ሁሉም ባንዴ ይነቅላል፤ ዋጋው የመንቀያ ጉልበት እንኳ አይመልስም። የከሰረው በሚቀጥለው ዓመት ወደ በቆሎና ስንዴ ይዞራል፤ ሽንኩርት እንደገና ይወደዳል። ከውድ ክረምት በኋላ የሚመጣው መጋቢት ብዙውን ጊዜ ርካሽ የሚሆነው ለዚህ ነው። አየሩ ይህን ዑደት ያባብሰዋል እንጂ ብቻውን አላመጣውም። ለእርስዎ ግን ይህ ዕድል ነው። መጋቢት ላይ ዋጋ ወድቆበት የተጨነቀ አንድ ሁለት የመስኖ ገበሬ ይፈልጉ። በቀጥታ ተነጋገሩ። በበጋው ከገበያው ጥቂት ብር ከፍ አድርገው ይግዙት፤ እሱም ሰኔና ሐምሌ ላይ ያለውን ለእርስዎ በቅድሚያ፣ ከገበያው ጥቂት ዝቅ አድርጎ ይስጥ። ስምምነቱ በወረቀት ይሁን፣ ሁለት ምስክር ይኑረው፣ መጠኑና ቀኑ ይጻፍ። ሙሉ ክፍያ ግን አስቀድመው አይስጡ፤ ማሳው ከተመታ እሱም የሚከፍልዎት አይኖረውም።

የምግብ ዋጋዎን በየዝናቡ አይቀያይሩ። በፈጣኑ ጭማሪ የወጣብዎትን በሁለት ሳምንት ውስጥ ይመልሱታል፤ የሸሸ ደንበኛ ግን በዚያ ፍጥነት አይመለስም። ዋጋ የሚከልሱት ሁለት ጊዜ ብቻ ይሁን፦ አንዴ ታኅሣሥ ላይ የበርበሬው ምርት ሲታወቅ፣ አንዴ ሰኔ መጀመሪያ ላይ ክረምቱ ሲገባ። መጀመሪያ በጀት የሚይዙለት ደግሞ በርበሬው ይሁን። የሽንኩርቱ ርብራብ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።